የስድስተኛ ክፍል መዝገብ

ለወንድም ጋሼ ለሱዳላይሙቱ፣

እንዴት ከርመሃል? ወገብህስ እንዴት ነው? ብረት ስትሸከም የሚይዝህ ያ የግራ ጎንህ ተሻለህ ወይስ አሁንም አንዴ ካጎነበስክ መቃናቱ መከራ ነው? ውሃስ በደንብ ትጠጣለህ? አምና ሐኪሙ ኩላሊትህን ጠብቅ ያለህን አንተ ረስተኸው እንደሆነ እኔ አልረሳሁትም። እንቅልፍስ? ከላይህ ባለው አልጋ የሚተኛው ያ አንኮራፊ ወደ ሀገሩ ገባ ወይስ አሁንም ቆርቆሮውን ያንቀጠቅጠዋል? ደህና ነኝ ብለህ እንዳትመልስልኝ። በስልክ ደህና ነኝ ስትለኝ ሳልህ ይቀድምሃል፣ እኔ ደግሞ ጆሮ አለኝ።

እኛ ሁላችንም በሕይወት አለን። እማዬ ታክማ የቀኝ ዓይኗ ጠርቶላታል። አሁን የሩዙን ጠጠር ራሷ ትለቅማለች፣ እኔ በለቀምኩት ላይም እንከን ታወጣለች። ዝናቡ ዘንድሮ አልጨከነብንም፤ ኩሬው እስከ ላይኛው ደረጃ ሞልቶ ሴቶቹ ልብስ የሚያጥቡት ከመንገዱ ጥግ ሆነው ነው። ጥቁሯ ፍየል መንታ ወልዳለች። አባዬም አለ። ስለ አባዬ ቆይቼ እነግርሃለሁ።

በየእሁዱ በስልክ እየተገናኘን ደብዳቤ ምን አመጣው እንደምትል አውቃለሁ። ቤታችን አንድ ክፍል፣ ስልካችንም አንድ ነው፤ ከአንተ ጋር ሳወራ አባዬ ከጎኔ ንቅንቅ አይልም። ደግሞ እውነቱን ለመናገር፣ ብቻዬን ብሆንም ድምፅህን እየሰማሁ ይህን ማውጣት አልችልም ነበር። ሁለት እሁድ ሞክሬ ምላሴ ተሳስሮብኛል። የላይ ሰፈሩ ቬላዱራይ ፈቃዱን ጨርሶ ሐሙስ አንተ ወዳለህበት ወደ ሙስካት ይመለሳል። እማዬ በጨውና በበርበሬ የዘፈዘፈችውን ሎሚ በጠርሙስ ይዞልህ ይመጣል፣ እኔ ደግሞ ጠርሙሱን በጠቀለልኩበት ጨርቅ ውስጥ ይህን ወረቀት ሸጉጫለሁ። አባዬ ስለ ወረቀቱ አያውቅም። እንዲያውቅም አልፈልግም።

ዋናውን ነገር በአንድ ቃል ልንገርህና ልገላገል። የመንግሥት ሥራዬ ቀርቷል። ዘግይቷል፣ ወረቀት እየታየ ነው፣ ቼናይ ያሉት ሰዎች በበዓል ምክንያት ቢሮ አልገቡም ያልንህ ሁሉ ውሸት ነው። ከቀረ አርባ ቀን ሆኖታል።

ከመጀመሪያው ልንገርህ፣ አለበለዚያ ጥፋቱን ከማይገባው ሰው ላይ ታሳርፈዋለህ።

የፈተናው ውጤት የወጣ ቀን የነበረውን ሁካታ በስልክ ሰምተሃል። ባነሩን ግን አላየኸውም። አባዬ ለማንም ሳይነግር ኮቪልፓቲ ድረስ ሄዶ የአንድ ግድግዳ ስፋት ያለው ባነር አሳትሞ መጣና አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ አሰቀለው። ሰው ልጁን ሲድር፣ ሲሞትበትም እንደሚያሰቅለው ዓይነት። የመታወቂያ ፎቶዬን አሳድገው፣ ፊቴን እንደ ዱቄት አንጥተው፣ ከኋላዬ አንድ የማላውቀው ትልቅ ሕንፃ አቁመውልኛል። አንተም በጥግ በኩል ጥቁር መነጽር አድርገህ አለህ። ከሥሩ «የፑንጋንኩላም የመጀመሪያዋ የመንግሥት ጸሐፊ፣ ዘንባባ እየወጣ ጭማቂ የሚቀዳው የማዳሳሚ ልጅ» ይላል። አባዬ፣ ገና ማስረጃ ይታያል እኮ፣ አልኩት። ሳቀብኝ። አንቺ ልጅ ከታሚል ሌላ ምን ቋንቋ ታውቂያለሽና ነው ማስረጃ የሚያስፈራሽ፣ አለኝ። ልብ በል፣ ይህን ያለው ራሱ ነው። እንግዲህ ረስቶታል ማለት ነው፤ ወይም አስራ ስድስት ዓመት ያለፈው ነገር የሞተ መስሎታል።

ሕጉን በስልክ ስነግርህ ከኋላህ ብረት ይንኳኳ ስለነበር በደንብ የሰማኸኝ አይመስለኝም። ከመቶው የመንግሥት ሥራ ሃያው በታሚል ቋንቋ ለተማረ ሰው ተለይቶ ይያዛል። በጠቅላላው ዝርዝር ብታየኝ የትም አልደርስም፤ ከኔ በፊት ያለው ሰው ቢሰለፍ ከኛ መንደር ተነስቶ ባቡር ጣቢያ ይደርሳል። በሃያው በኩል ግን አስራ አንደኛ ነበርኩ። አስራ አንደኛ፣ ወንድም ጋሼ! ታዲያ በዚያ በር ለመግባት ከአንደኛ ክፍል እስከ ዲግሪ ያለውን እያንዳንዱን ዓመት በታሚል መማርሽን፣ የተማርሽበት ትምህርት ቤት ኃላፊ ከመዝገቡ አይቶ ይፈርምልሽ ይላሉ። አንድ ዓመት ከጎደለ ሁሉም እንደጎደለ ይቆጠራል።

ከአንደኛ እስከ አምስተኛ ያለውን የመንደራችን ትምህርት ቤት ዲሬክተሯ የመዝገቡን አቧራ በሳሪዋ ጫፍ ጠርጋ በግማሽ ቀን ፈረመችልኝ። ከሰባተኛ እስከ አስራ ሁለተኛ ያለውን የመንግሥት ትምህርት ቤቱ ሰጠኝ። ኮሌጁ ሦስት ቀን አመላለሰኝ እንጂ እሱም ሰጠኝ። የቀረኝ ስድስተኛ ክፍል ብቻ ነበር። ቢጫ መኪና ያለው ትምህርት ቤት።

ያቺን ዓመት አንተም አትረሳትም። ከሄድክ አራት ወርህ ነበር፣ አንተም አስራ ዘጠኝ ዓመትህ። መጀመሪያ ከላክኸው ገንዘብ ጋር ፔቺን እንግሊዝኛ ትምህርት ቤት አስገቧት የሚል መልእክት ላክህ። ጫማ ተገዛልኝ፣ ከረባት ታሰረልኝ፣ ቢጫው መኪና በር ድረስ መጥቶ ጡሩምባ ሲነፋ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ያየኝ ነበር።

ያልተነገረህ ይህ ነው። እንግሊዝኛውን አልቻልኩትም። አንድ ቀን አስተማሪዋ ስሜን ስትጠራ ቆሜ ልብሴ ላይ ሸናሁ። በሁለተኛው ወር ከዚያ ክፍል አውጥተው ከሽንት ቤቱ ጎን ወዳለችው የታሚል ክፍል አዛወሩኝ። ሳይንሱንም፣ ሒሳቡንም፣ ታሪኩንም ዓመቱን በሙሉ በታሚል ተማርኩ። ከክፍሉ አራተኛ ወጣሁ። አባዬ ግን ለአንተ ትንፍሽ እንዳልል አስማለኝ። ወንድምሽ ፀሐይ ላይ የሚጠበሰው ለእንግሊዝኛሽ ብሎ ነው፣ ይህን ቢሰማ ወገቡ ይቆረጣል፣ አለኝ። አስራ አንድ ዓመቴ ነበር፣ ማልኩ። በዚያ ዓመት በእንግሊዝኛ የጻፍኩልህን ሁለት መስመር ሰላምታ አልጋህ ራስጌ ለጥፌዋለሁ ብለኸኝ አልነበር? ምን እንደሚል ሳላውቅ ነው ከሌላው ክፍል ሰሌዳ ላይ የገለበጥኩት። ይቅር በለኝ።

እንግዲህ ስድስተኛ ክፍልን በታሚል መማሬን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነኝ። ስለዚህ ያለ ስጋት ነበር የሄድኩት፤ ለጸሐፊዎቹ የሚሆን ጣፋጭ እንኳ ገዝቼ ነበር። አባዬ እኔም ልምጣ ብሎ ነጭ ሽርጡን ለበሰ። መንገድ ላይ ዝም ማለቱን አይቻለሁ፣ ግን ጉልበቱ አሞት ነው ብዬ አለፍኩት።

አስተዳዳሪው አሁንም ያው ታኑሊንጋም ነው፤ አርጅቷል፣ መዝገቡን በማጉያ ነው የሚያነበው። ገለጠ፣ ስሜን አገኘ፣ ጣቱን መስመሩ ላይ አሳረፈ። ከዚያ መዝገቡን ወደኔ አዞረው። ስሜ፣ የአባቴ ስም፣ የተወለድኩበት ቀን፣ የተማረችበት ቋንቋ እንግሊዝኛ።  ስህተት ነው አልኩት፣ በታሚሉ ክፍል ነበር የምቀመጠው አልኩት፣ የአስተማሪዬን ስም ጠራሁለት። ደሜ ፈልቶ ድምፄን ከፍ አደረግሁ። የድሃ ልጅ ስለሆንኩ ነው የማትፈርምልኝ እስከማለት ደረስኩ። ሰውየው አልተቆጣኝም። እኔን አልፎ ከኋላዬ የቆመውን አባዬን አየው።

«ማዳሳሚ፣ ልጅትዋ አታውቅም እንዴ?» አለው። «እዚችው ጠረጴዛ ፊት ተንበርክከህ፣ ልጄ በታሚሉ ክፍል ትማር፣ መዝገቡ ላይ ግን እንግሊዝኛ እንዳለ ይቆይልኝ፣ ወንድሟ የውጤት ወረቀቱን ላኩልኝ ይላል፣ አላልከኝም? የእንግሊዝኛውን ክፍያስ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ስትከፍል አልነበር?»

ዞር ብዬ አባዬን አየሁት። ፎጣውን ከትከሻው አውርዶ ብብቱ ሥር ሸጉጦታል። «ብያለሁ» አለ። ከዚያ ወለሉ ላይ ወርዶ የሰውየውን እግር ሊይዝ ሞከረ። ያ ጉልበቱ አንዴ ካጠፈው እንደማይነሳለት ታውቃለህ፤ እኔና ታኑሊንጋም ግራና ቀኝ ይዘን አነሳነው። ሰውየው ውሃ አስመጣለት። ክፉ ቢሆን ኖሮ ጠልቼው እገላገል ነበር፣ ግን አልነበረም። መዝገቡ ያለውን ትቼ ሌላ ብፈርም እኔም አንቺም እንከሰሳለን፣ ብሎ በቀስታ አስረዳኝ። ልክ ነው። የሚያቃጥለኝም ልክ መሆኑ ነው።

ዝም ብዬ የተቀመጥኩ እንዳይመስልህ። የዚያን ዓመት ደብተሮቼን ፍለጋ ቤቱን ገለበጥኩት። እማዬ ከስንት ዓመት በፊት ለአሮጌ ወረቀት ገዢው ሰጥታ በቴምር ለውጣዋለች፤ ቴምሩን የበላሁትም እኔው ነኝ። የታሚል ክፍል አስተማሪያችንን ራጃካኒን አፈላልጌ ሳትቱር አንድ ጨርቅ መሸጫ ውስጥ አገኘኋት። በሦስተኛው መስመር፣ ከመስኮቱ ሥር ነበር የምትቀመጪው፣ አለችኝ፤ አስታወሰችኝ። ጨርቅ ማጠፉን ትታ ባንኮኒው ላይ ተደግፋ ሁለት ገጽ ምስክርነት በእጇ ጻፈችልኝ፣ ከሥሩ ፈርማ የመታወቂያዋን ቁጥር አስቀመጠች። ያንን ይዤ ቼናይ ሄድኩ።

አዳራሹ ውስጥ እንደኔ ፋይል ያቀፈ ሰው ሞልቷል። ተራዬ ደረሰ፣ አንዲት ጠና ያለች ሹም ፊት ተቀመጥኩ። ወረቀቶቼን አንድ በአንድ ገለጠች፣ ስድስተኛ ክፍል ስትደርስ ቆመች። ሁሉንም ነገርኳት። ሽንቱንም፣ ሙስካትንም፣ አባዬንም፣ ምንም አላስቀረሁም። የራጃካኒን ምስክርነት ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ከዚያ በሁለት እጇ ይዛ መለሰችልኝ።

«ልጄ፣ በታሚል መማርሽን አፍሽን ስትከፍቺ ሰምቼዋለሁ» አለችኝ። «እኔ የምፈርመው ግን ለአፍሽ አይደለም፣ ለወረቀትሽ ነው።»

በዚህ አለቀ። ከስሜ ጎን ቀይ መስመር አሰመረች፣ ቀጣዩን ጠራች። በመስኮቱ በኩል እንደኔ በታሚል ተማርኩ ብሎ የመጣ አንድ ልጅ በስልኩ በእንግሊዝኛ እየተንበለበለ ለእናቱ ወረቀቱ ሁሉ ማለፉን ይነግራታል። አልቀናሁበትም ብልህ ውሸት ይሆናል። ሌላ ፈተና መፈተን እችላለሁ፣ በዚያ በር ግን እስክሞት አልገባም፤ ያቺ ዓመት ሁልጊዜ መዝገቡ ላይ አለች። አሁን ወደ ክብሪት ፋብሪካው ተመልሻለሁ። ሳጥን እሞላለሁ። ሴቶቹ በመጀመሪያው ቀን፣ ጸሐፊዋ መጣች፣ ቦታ ልቀቁላት፣ ብለው ቀለዱብኝ፤ እኔም ዝም ብላችሁ ክብሪታችሁን ሙሉ፣ ደመወዛችሁን እቆርጣለሁ አልኳቸው። ሳቅን። ከዚያ ወዲህ ማንም አንስቶት አያውቅም።

ስለ አባዬ ልንገርህ ብዬ ነበር። ከቼናይ ከተመለስኩ በኋላ ሦስት ቀን አላናገርኩትም። ሩዙን ከፊቱ አስቀምጬ ዞር እል ነበር። በአራተኛው ቀን ለምሳ ከሥራ ስመለስ አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ ሰው ተሰብስቧል፤ አባዬ በጠራራ ፀሐይ መሰላል ላይ ወጥቶ ባነሩን በማጭድ ያወርዳል። ሻይ ቤት የተቀመጡት ምነው ማዳሳሚ ሲሉት፣ ንፋሱ እንዳይቀደው ብዬ ነው፣ አላቸው። መሰላሉን ያዝኩለት። ጠቅልለን ወደ ቤት ስንሄድ፣ እሱ ከፊት እኔ ከኋላ ተሸክመን፣ ዞር ሳይል አንድ ነገር ብቻ ተናገረ፤ ለሱዳላይ ብዬ ነው፣ ልጄ በመጀመሪያ ላቡ የገዛው ነገር ከንቱ ቀረ እንዳይል ብዬ ነው።  ቁጣዬ ወዴት እንደሄደ አላውቅም።

ባነሩ አሁን የፍየሎቹ ጣራ ሆኗል። እኔ ግልገሎቹን ቁልቁል አያለሁ፤ አንተ በመነጽርህ የመንገዱን አላፊ አግዳሚ ታያለህ። ዝናብ አያስገባም፣ ደህና ፕላስቲክ ነው።

አባዬ ግን እየጠፋብን ነው፣ ወንድም ጋሼ። ከሰው ጋር አይቀመጥም፣ ከአንድ ጭብጥ ሩዝ አያልፍም። በዚያ ላይ የዘንባባው ወቅት ሲደርስ ዛፍ ላይ እወጣለሁ ብሎ ጭማቂ የሚቀዳበትን ቢላ ከጣራው ሥር አውጥቶ መሳል ጀምሯል። ስድሳ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ደረጃ ሲወጣ ግድግዳ የሚደገፍ ሰው ነው። አትወጣም ብንለው አይሰማም። ሌሊት ቀን የሚያስጨንቀው ሥራው መቅረቱ አይደለም፤ አንተ ምክንያቱን መስማትህ ነው። ለሱዳላይ የነገራችሁት ቀን እኔን አታገኙኝም፣ ብሎናል። እማዬ አምናዋለች። እኔም አምኜዋለሁ።

አሁን ወደምለምንህ ነገር መጣሁ። ፔቺ ሥራ የያዘች ቀን ጠቅልዬ እገባለሁ ብለህ ነበር። ባለፈው እሁድ ደግሞ የፖንጋል በዓል እንዳለፈ ለአለቃዬ መልቀቂያ አስገባለሁ ስትል እማዬ ግድግዳውን በአንተ ጥግ በኩል በኖራ መቀባት ጀመረች። ባየሃት። በአንድ ዓይኗ።

መልቀቂያውን አታስገባ። አስገብተህ ከሆነም አለቃህን ለምነህ አስመልሰው። አትምጣ የሚል ደብዳቤ ለአንተ እጽፋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም፣ እጄ ቢቆረጥ በወደድኩ። ግን በኔ የክብሪት ደመወዝ የአንተን ወገብና የአባዬን ጉልበት ማሳከም አንችልም፣ ይህን አንተም ታውቃለህ።

እሁድ ስትደውል ስለ ሥራዬ አትጠይቅ። ስልኩን ለአባዬ ስጪው በለኝና፣ አለቃዬ ሹመት ሰጥቶኛል፣ እዚህ ተመችቶኛል፣ ሁለት ዓመት ልጨምር ነው፣ በለው። ያንተ ፍላጎት እንደሆነ አድርገህ ንገረው። ሳቅ ጨምርበት። ይቆጣሃል፤ ወላጅህን ረሳህ፣ ገንዘብ ወዳድ ሆንክ ይልሃል፣ ምናልባት ይሰድብሃል። ቻለው። ልጄ ጨካኝ ወጣ ብሎ ቢናደድ ይበላል፣ ይተኛል፣ ቢላውንም ያስቀምጣል። ያኔ ለአንተ ሲል እንደዋሸው አሁን አንተ ለእሱ ስትል ዋሽለት።

ቬላዱራይ የጫማህን ቁጥር አይቶ ይንገረኝ፣ በዓሉ ሲያልፍ አዲስ ጫማ በሰው እልክልሃለሁ። የመኝታ ክፍል ጓደኞችህን ሁሉ፣ አንኮራፊውንም ጨምረህ፣ ሰላም በልልኝ። እማዬ፣ ሎሚው አሥር ቀን ይቆይ፣ ጠርሙሱን በእርጥብ ማንኪያ እንዳይነካው ብላለች፤ ግንባርህንም ትስምሃለች። ጥቁሯ ፍየልና መንቶቹ ከጣራህ ሥር ሆነው ሰላም ይሉሃል። አባዬ እየጻፍኩ መሆኑን ስለማያውቅ ሰላምታ አልላከም። የእሱን እኔው ጨምሬልሃለሁ።

እህትህ ፔቺ

ፑንጋንኩላም፣ ማርጋዢ ወር በገባ በዘጠነኛው ቀን